ሳይነኩት የሚነሳው ኮምፒውተር

የኮምፒውተር ጠጋኙን በእውነተኛ ስሙ የምትጠራው ሚስቱ ብቻ ናት፤ እሷም ስትቆጣ። ለሌላው ሰው ሁሉ «ምክንያቱ» ነው። ይህን ስም ያወጣለት ከግድግዳው ማዶ ፎቶ ኮፒ የሚያነሳው ጎረቤቱ ነው። አንድ ሰው የተበላሸ ኮምፒውተር ይዞ ይመጣል፤ ጠጋኙ ይሠራለታል፤ ሰውየው ዕቃውን አንሥቶ ሊወጣ ሲል «ቆይማ፣ ምክንያቱ ምን መሰለህ...» ይለዋል። ከዚያ በኋላ ቶሎ መውጣት የለም። መብራቱ በየት ገብቶ በየት እንደሚሄድ፣ የቱ ጋ እንደታነቀ፣ ለምን እዚያ እንጂ ሌላ ቦታ እንዳልታነቀ፣ በካቻቢቴው ጫፍ እያመለከተ ያስረዳዋል። ተጠግኖ ምክንያቱ ያልተነገረ ዕቃ ለእሱ ግማሹ እንዳልተሠራ ነው።

«ይኼ ሰውዬ ሊሞት ሲል እንኳ፣» ይላል ፎቶ ኮፒው፣ «መልአከ ሞትን በር ላይ አቁሞ ያስረዳዋል።»

የሚሠራባት ክፍል ምድር ቤት ናት። መስኮቷ ከእግረኛው መንገድ እኩል ስለሆነ ደንበኛ የሚታወቀው በጫማው ነው። ጠረጴዛው ላይ ሆዳቸው የተከፈተ ኮምፒውተሮች ተደርድረዋል፤ ምክንያቱ በመሀላቸው እንደ ሐኪም ይመላለሳል።

አልነሳም ያለ ኮምፒውተር ሲመጣለት የራሱ ሥርዓት አለው። ከውጭ ወደ ውስጥ ነው የሚሄደው፤ ሶኬት፣ ገመድ፣ ማብሪያ ቁልፍ፣ ከዚያ ሆድ ዕቃ። ከሁሉ አስቀድሞ ግን አንዲት ነገር ያደርጋል። በእያንዳንዱ ኮምፒውተር ውስጥ የሳንቲም ቅርጽ ያላት ትንሽ ባትሪ አለች። ኮምፒውተሩ ከሶኬት ቢነቀል እንኳ ስንት ሰዓት እንደሆነ፣ ሲነሳ ከየት እንደሚጀምር፣ ባለቤቱ ያዘዘውን ልማድ ሁሉ የሚያስታውሰው በእሷ ነው። ምክንያቱ ይህችን ባትሪ በጥፍሩ ፈልቅቆ ያወጣትና «ይርሳ» ይላል። «ግራ የተጋባ ፍጡር መጀመሪያ ይርሳ፤ ረስቶ ይነሳል።» ባትሪዋን ወረቀት ላይ አስቀምጦ ዳቦውን ይገምጣል። ዳቦው ሲያልቅ ይመልሳታል። ከአሥር ኮምፒውተር ሁለቱ ሦስቱ በዚህ ብቻ ይድናሉ። የቀሩትም ቢሆኑ በዚህ ሲጎዱ አላየም።

አንድ ቀን አንዲት ልጅ እግር ሴት በብርድ ልብስ የተጠቀለለ ነገር አቅፋ ደረጃውን ወረደች።

«ጋሼ፣ ኮምፒውተር ይሠራሉ አሉኝ።»

«እሠራለሁ። እንደ ሕፃን ጠቅልለሽ ነው እንዴ ያመጣሽው? ምን ሆነ?»

«አይነሳም።»

«አለመነሳትም ዓይነት ዓይነት አለው። ጭራሹን ዝም ነው? ወይስ ማራገቢያው ይዞርና ስክሪኑ ይጨልማል?»

«እንደሱ። ይዞራል፤ ስክሪኑ ጨለማ ነው። ግድግዳ ልናስቀባ ከቦታው ፈቀቅ አድርገነው ነበር፤ ከዚያ ወዲህ ነው።»

«ውስጡ ያለውን ሥራ እንዳይጠፋ ላውጣልሽ?»

«ውስጡ ያለው አያስፈልገንም። የአባቴ ነው፤ ካረፈ ቆየ። ሥራዎቹን መሥሪያ ቤቱ ወስዷቸዋል። እንዲነሳ ብቻ ነው የምንፈልገው።»

«ታዲያ ማን ነው የሚሠራበት?»

«ማንም።»

ምክንያቱ ካቻቢቴውን አስቀመጠ። እንዲህ ያለ መልስ ሲሰማ ጆሮው ይቆማል። ልጅቷ ግን ፊቷን አዙራ ነበር። «እናቴ ይኼ ነገር ከተበላሸ ጀምሮ ከአልጋ አልወረደችም፤» አለች። «ቶሎ ያድርሱልኝ።» ደረጃውን ወጣች፤ በመስኮቱ ላይ ጫማዋ ብቻ አልፎ ሲሄድ ታየ።

ከፈተው። ያረጀ፣ ከባድ፣ በጥንቃቄ የተያዘ ዕቃ ነው። ባትሪዋን በጥፍሩ ፈለቀቃትና «ይርሳ» አለ። ዳቦውን በላ። መለሳት። አበራው። ማራገቢያው ዞረ፤ ስክሪኑ ጨለመ።

«ጎሽ፣ እልኸኛ ነህ፤» አለው። እልኸኛ ይወዳል። ኃይል የሚሰጠውን ክፍል በሌላ ተካው፤ ለውጥ የለም። የስክሪኑን ገመድ ለወጠ፤ የለም። እንግዲህ ራሙ ቀረ። ራም ማለት ኮምፒውተሩ እየሠራ ሳለ ሐሳቡን ዘርግቶ የሚያስቀምጥባት ጠፍጣፋ ሰሌዳ ናት፤ ከታች ወርቃማ ጥርሶች አሏት፤ በጥርሶቿ ማዘርቦርዱን፣ ዋናውን ሰሌዳ፣ ነክሳ ትቀመጣለች። ዕቃው ከቦታ ቦታ ሲንቀሳቀስ ንክሻዋ ከላላ፣ ወይ ጥርሷ ከዛገ፣ ኮምፒውተሩ የሚያስብበት ቦታ ያጣል፤ ዓይኑን መግለጥም አይችልም። ምክንያቱ ነቅሎ ወደ መብራት አስጠጋት። ጥርሶቿ ጠቁረዋል። የተማሪ ላጲስ አንሥቶ ቀስ እያለ ፈተጋቸው። ብርቅርቅ ሲሉ መለሳትና በሁለት አውራ ጣቱ ተጫናት። ቀጭ አለች።

አበራው። ቢፕ!

ይህችን አንዲት አጭር ድምፅ ከሙዚቃ ሁሉ ይወዳታል። «ሁሉም አለ፣ ደህና ነኝ» ማለት ነው። ግድግዳውን በጡጫው ደበደበ። «ተነሳ!»

«እልል በል!» አለ ፎቶ ኮፒው ከማዶ። «ስሙን ማን እንበለው?»

በማግስቱ ልጅቷ መጥታ «እማዬ ራስዎ አምጥተው ከቦታው ያስቀምጡት ብላለች» አለችው። ኮምፒውተሩን ተሸክሞ ተከተላት። ቤታቸው ደረጃው የሚያስለከልክ ሕንፃ ላይ ነው። ክፍሉ ገና የቀለም ሽታ አለው። ግድግዳው ሁሉ ነጭ ተቀብቷል፤ ጠረጴዛው ካለበት በላይ ግን አራት ማዕዘን የሆነ አሮጌ ቀለም እንዳለ ቀርቷል። ኮምፒውተሩ ለዓመታት የተደገፈበት ቦታ ነው። ቀቢው ሊያጠፋው ሲል እናትየው «እዚያ ጋ እጅህን እንዳታሳርፍ» ብላው ነበር። ከጠረጴዛው ፊት ወንበር፣ ከወንበሩ ጎን የስፌት መኪና።

እናትየው አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣለች። ልብስ ሰፊ ናት፤ ጣቶቿ በመርፌ የደደሩ፣ ፊቷ እንቅልፍ ካጣ የቆየ።

«መጣህ ልጄ? ነገ ጠዋት ይነሳል?»

«የምን ነገ፣ አሁንም ይነሳል እማማ! ይኸው፣ ይቺን ቁልፍ ጫን ያደርጉና...»

«እኔ አልጫንም።»

«እ?»

«ማታ ማታ እኔ አጠፋዋለሁ። ጠዋት የሚቀሰቅሰው እሱ ነው።»

ምክንያቱ ገመዱን እንደያዘ ቀረ።

«ባሌ የቤት ፕላን ይሥል ነበር፤» አለች። «ወደ መሥሪያ ቤት ሳይሄድ እዚህ ጎህ ሳይቀድ ይቀመጣል። ይኼ ነገር ደግሞ ሲነሳ እንደ ሙሽራ ነው፣ ያስጠብቃል። ‹ፊቴን ታጥቤ ስመለስ ቆሞ ይጠብቀኝ› አለና የሆነ ነገር አደረገበት። ከዚያ ማንም ሳይነካው ራሱ ይነሳል። የቀበርነው ዕለት ማታ አልተኛሁም። ሊነጋ ሲል ሰማሁት። መጀመሪያ ትንፋሽ ያወጣል፤ ከዚያ ሰማያዊ ብርሃን ግድግዳው ላይ ይወጣል። ወንበሩ ብርሃኑ ውስጥ ታየኝ። ተነሽ ያለኝ መሰለኝ። ተነሣሁ፤ መኪናዬን ወደ ብርሃኑ አዙሬ መስፋት ጀመርኩ። ይኸው እስከ ዛሬ እንደዚያው ነበርን።»

«ነበርን» ነው ያለችው።

ምክንያቱ ገመዱን ጠረጴዛው ላይ አኖረ። ሰውየው ምን እንዳደረገ በደንብ ያውቃል፤ በዚህ ሰዓት ተነሣ የምትል አንዲት ትእዛዝ ናት። ትእዛዟ የምትኖረው በትንሿ ባትሪ ነው። አዛዡ ተቀብሮ፣ ልብሱ ተሰጥቶ፣ ሥራው ተወስዶ፣ በዚህ ዓለም ላይ ገና የምትፈጸምለት አንዲት ቃል እሷ ነበረች። ምክንያቱ እሷን በጥፍሩ ፈልቅቆ አውጥቶ ዳቦ በላ። ደግሞ ለምንም አልጠቀመም። ጥፋቱ የራሙ ጥርስ ላይ ነበር።

«ምክንያቱ ምን መሰለዎት» የምትለው ቃል ጉሮሮው ድረስ መጣች። እናትየው ዓይን ዓይኑን ታየዋለች።

«ይነሳል እማማ፤» አለ።

ከመጣ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ከአልጋው ወረደች። «ውሃ ላምጣልህ፣ ደረጃችን ሰው ይገድላል፤» ብላ ወጣች። ልጅቷ ወዲያው ጠጋ አለች።

«አባቴ የሞላው ለአሥራ አንድ ሰዓት ነበር። ጠፍቶ ከሆነ ያውቃሉ አይደል እንዴት እንደሚሞላ?»

«አንቺ ታውቂያለሽ ማለት ነው?»

«አውቃለሁ። እሷ ታውቅ አታውቅ ግን አላውቅም። አይንገሯት ጋሼ። በፈጠረዎት።»

የውስጡን ማስተካከያ ከፈተ። ስልኩን አውጥቶ የኮምፒውተሩን ሰዓት እስከ ሴኮንዷ አስተካከለ፤ ሰዓት አዛብቶ ዕቃ መልሶ አያውቅም። ከዚያ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ተነሣ ብሎ አዘዘ፤ ዘጋው። ውሃውን ጠጣ። ምንም ሳያስረዳ ከሰው ቤት የወጣው ያን ቀን ነው።

በማግስቱ ጠዋት፣ ገና ጨለማ ሳለ፣ በገዛ አልጋው ላይ ዓይኑ ቦግ አለ። ስልኩን አየ። አሥራ አንድ ሰዓት ነው።

አሁን፣ አለ በልቡ፤ አሁን እዚያ ቤት ትንፋሽ ወጣ። ሰማያዊው ብርሃን ባልተቀባው ግድግዳ ላይ ሲወጣ አየው። ወንበሩን አየው። ሴትየዋ ብርድ ልብሷን ገፍታ ስትነሣ፣ «እሺ መጣሁ» ስትል ሰማት። የምትመልሰው ለባሏ ነው። የጠራት ግን የእሱ ጣት ነው። ሳያስበው በሞተ ሰው ቦታ ገብቶ ይጣራል፤ ተጠሪዋ ደግሞ አቤት ትላለች።

በሚቀጥለውም ቀን ነቃ። በሚቀጥለውም።

«ምን አፍጥጠህ ኮርኒስ ታያለህ?» አለች ሚስቱ በጨለማ።

«አሁን ተነሳ።»

«ማን?»

«የሰው ቤት ኮምፒውተር።»

«እኔ ቤት ያለው ሰውዬስ መቼ ነው የሚተኛው?»

ነገራት፤ ሁሉንም፣ ከባትሪዋ ጀምሮ። ሚስቱ በክርኗ ተደግፋ ቀና አለች። «ላለፈ ላገደመው ሁሉ ስታስረዳ ኖረህ፣ ማስረዳት የሚገባህ ቦታ ላይ አፍህ ተዘጋ?»

«ብነግራትና ተመልሳ ብትተኛስ? ደግማ ባትነሣስ?»

«እንጃ፤» አለች ሚስቱ። ጀርባዋን ሰጥታው ስትዞር ግን እሷም አልተኛችም።

ጥቂት ጊዜ አለፈና አንድ ከሰዓት በመስኮቱ ላይ የሚያውቀው ጫማ ሲሮጥ አየ። ልጅቷ እያለከለከች ገባች።

«ጋሼ፣ ምን አደረጉበት?»

«እምቢ አለ?»

«ይነሳል! ቀድሞ ነው የሚነሳው። ድሮ መጀመሪያ የዳቦ መኪናው ይመጣል። ሳጥኑን ያራግፋል፣ በሩን ይዘጋል። ከዚያ ከላይ ያለው ጎረቤት ቧንቧ ይከፍታል። ከዚያ ነው ኮምፒውተሩ። ለዓመታት እንዲህ ነበር። አሁን የዳቦ መኪናው ሳይመጣ ይነሳል። እማዬ ‹ቸኮለ› ትላለች። ‹በሕይወቱ አስቸኩሎኝ አያውቅም፤ አሁን ነይ እያለኝ ነው› ትላለች።» የጠረጴዛውን ጫፍ ተደገፈች። «ልብሶቿን ለጎረቤት እየሰጠች ነው። አዲስ ስፌት አልቀበልም ብላለች። ነጭ አንሶላ አጥባ አጣጥፋ ራስጌዋ አስቀመጠች። ዛሬ ደግሞ ጠርታኝ የስፌት መኪናው ለማን እንደሚሆን ነገረችኝ።»

የምክንያቱ ፊት በራ። መብራቱ ሳያውቀው ነው የመጣበት፤ ምክንያት የተገኘ ጊዜ ሁልጊዜ እንደዚያ ነው። «ዘግይቶ ነበር!» አለ። «የድሮው ሰዓት ዘግይቶ ነበር! በውስጡ የምትርገበገብ ትንሽ ድንጋይ አለች፤ ሰዓቱን የምትቆጥረው እሷ ናት። ምንጊዜም ትንሽ ትሳሳታለች። ኢንተርኔት ያለው ኮምፒውተር ከዓለም እየጠየቀ ይታረማል፤ የናንተ ግን ማንን ይጠይቃል? ከዓመት ዓመት ወደ ኋላ እየቀረ፣ እየቀረ...» ልጅቷን አያትና ፊቱ ጠፋ። ማንም አልቸኮለም። ሰዓቱን ያቃናው እሱ ነው።

የሥራ ልብሱን እንኳ ሳያወልቅ ተከተላት።

እናትየው ወንበሩ ላይ ተቀምጣ የልብስ ቁልፍ ትቆጥራለች፤ ለምታውቃት ልብስ ሰፊ ልትሰጥ። ምክንያቱ ቆሞ ነገራት። ባትሪዋን፣ ዳቦውን፣ «ይርሳ» ያለውን፣ ውሃ ልታመጣ ስትወጣ ያደረገውን፣ የድንጋይዋን መዘግየት። በመሀል እጁን ካቻቢቴ እንደያዘ ሰው ያንቀሳቅስ ነበር። ስትሰማ ፊቷ አልተለወጠም።

«እና ሰሞኑን ሁሉ ስትቀሰቅሰኝ የከረምከው አንተ ነህ?»

«እኔ ነኝ እማማ።»

«በዚያ ሰዓት አንተ ትተኛለህ?»

«አልተኛሁም። አንድም ቀን።»

«የሥራህን ይስጥህ!» አለች ድንገት። «ለሞት ስሰናዳ እኮ ነው የከረምኩት! ሰማያዊ ቀሚሴን ሰጠሁ! ገና ያልለበስኩትን! ምን ብዬ ላስመልሰው አሁን፣ ጎረቤቴ ለብሳው ስትመላለስ አይቻት መረቅኳት እኮ!»

ልጅቷ አፏን ያዘች፤ ሳቋ አመለጣት። እናትየውም ልትስቅ ስትል ሳቋ መሀል መንገድ ላይ ሌላ ነገር ሆነ። ዓይኗን በነጠላዋ ጠረገች።

«ያኔ ለምን አልነገርከኝም?»

«ፊትዎን አየሁ።»

«እኔ ሞኝ አይደለሁም ልጄ። የሞተ ሰው ቁልፍ እንደማይጫን አውቃለሁ። አንዴ ያዘዘው ነው አይደል? አንዴ አዞት፣ እሱ እየታዘዘ የኖረ።»

«ልክ ነው። ልክ እንደሱ ነው።»

«ይበቃኝ ነበር እሱ።» ቁልፎቹን ወደ ቆርቆሮው መለሰቻቸው፤ አንድ በአንድ። «መልሰው። እሱ በተወበት፣ በሚዘገይበት። ምን ያህል ይዘገይ ነበር?»

ይህን ነው ምክንያቱ የማያውቀው። የጠፋ ነገር ልኩ የት ይገኛል? ብዙ አሰበ። «ከእርስዎ ጆሮ በቀር የያዘው የለም፤» አለ በመጨረሻ። «ነገ ጎህ ሳይቀድ ልምጣ። በአሥራ አንድ እንዳይነሳ ነቅለነው እንጠብቅ። እርስዎ ‹አሁን› ይበሉ፤ እኔ ስልኬን አያለሁ።»

መጣ። ሚስቱ እስከ እነልጅቷ ሕንፃ በር ሸኘችው፤ «ዛሬስ በደህና ምክንያት ነው የነቃኸው» ብላ። ክፍሉ ውስጥ መብራት አላበሩም። እናትየው አልጋዋ ላይ ጋደም አለች፤ ለመስማት እንደ ወትሮዋ መሆን አለባት። ልጅቷ በሩ ሥር ተቀመጠች። ምክንያቱ በሰውየው ወንበር ላይ መቀመጥ አልሆነለትምና ግድግዳ ተደግፎ ቆመ። ሶኬቱን በገዛ እጁ ነቅሎ ገመዱን በክንዱ ላይ ጠምጥሞታል።

አሥራ አንድ ሰዓት አለፈ። ምንም የለም። ዝምታው እንዲህ የሚከብድ አይመስለውም ነበር። ሥራው ሁሉ ዝም ያሉ ዕቃዎችን ማናገር ሆኖ ሳለ፣ ይህን ዝምታ ሊነካው አልደፈረም። ታች መንገዱ ላይ የዳቦ መኪናው ደረሰ። ሳጥኖቹ ተንኳኩ። በሩ ጓ ብሎ ተዘጋ። ከላይ ቧንቧው ተከፈተ፤ ውሃው በግድግዳው ውስጥ ሲወርድ ተሰማ፤ ቆመ።

እናትየው ጣቷን አነሣች።

«አሁን።»

ሦስቱም አንድ ላይ ወደ ኮምፒውተሩ ዞሩ። ገመዱ በምክንያቱ ክንድ ላይ ነው፤ ያውቃል፤ ይሰማዋል። ቢሆንም ጆሮውን ወደ ጠረጴዛው አዘነበለ፤ ስልኩን ማየት የነበረበትን ያችን ቅጽበት ሲያዳምጥ አሳለፋት። ወንበሩ ብቻ በጨለማው ውስጥ ጠቆር ብሎ ይታያል።

ቀና ሲል እናትየው ብርድ ልብሷን ገፍታ ቆማለች። እግሯ ጫማዋን እየፈለገ ነው።

«አየኸው ሰዓቱን?» አለችው።

«አላየሁም እማማ።»

«እኔም ያየኸው አልመሰለኝም፤» አለች፤ በእጇ የስፌት መኪናውን እየፈለገች። «በል ግድ የለም። ነገም ና።»